የፊርማ እንጀራ

በላስታና በጎረቤቷ በዋድላ ደጋ መዞር ያስከብራል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚማር የቆሎ ተማሪ አንድ መምህር ዘንድ ተቀምጦ ትምህርቱን አይጨርስም። ቅኔውን በዋድላ ቤት ቢቆጥር ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ይወጣል፤ ቅዳሴውን ሰላልኩላ፣ አቋቋሙን ጎንደር ያጸናል። እንዲህ ሲዞር የኖረ ሰው ላሊበላ ቢደርስ ካህናቱ አስቀድመው የሚጠይቁት የት የት እንደነበረና ከማን ከማን እንደተማረ ነው። የቆጠራቸው ደብሮች በበዙ መጠን ይበልጥ ይከበራል።

ኳስ ተጫዋች ሲሆን ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። በአሥር ዓመት ውስጥ ስድስት ክለብ የቀያየረ ሰው «አይረጋም» ይባላል፤ «ገንዘብ ነው የሚያሯሩጠው» የሚለውም አይጠፋም። የተጫዋቾች ዝውውር ታሪክ ከሥሩ ሲታይ ግን ዙረቱን ያመጣው የተጫዋቹ ጠባይ አይደለም፤ የከፋዩ የሒሳብ መዝገብ ነው። ማን ይከፍላል፣ በምን ስም ይከፍላል፣ ለስንት ጊዜ ይከፍላል የሚለው በተቀየረ ቁጥር የተጫዋቹም ኑሮ አብሮ ተቀይሯል።

ዱላና ኳስ ለላስታ ሰው እንግዳ አይደሉም። ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደትና የንጉሥ ላሊበላ ልደት በአንድ ቀን ሲከበሩ በቤተ ማርያም ቅጥር ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ»ን ያዜማሉ። በዚያው ሰሞን እንደ ሌላው ደጋ ሁሉ ጎበዙ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር ሲያሳድድ ይውላል። የተጫዋች ቁጥር ልክ የለውም፤ የሜዳው ዳር ድንበርም እንዲሁ። ጌታና ሎሌ ትከሻ ለትከሻ የሚጋፉበት፣ ቅልጥም ቢመታ ቂም የማይያዝበት ጨዋታ ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ግን ዝውውር የሚባል ነገር የለም። የላይኛው መንደር ልጅ ለላይኛው መንደር ይጫወታል፤ ለታችኛው ልሰለፍ ቢል ማንም አይቀበለውም። የሚከፍለው ስለሌለ የሚወስደውም የለም።

የአዲስ አበባ እግር ኳስም ሲጀምር ከዚህ ብዙ አልራቀም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከሰሜን እየገፋ በነበረበት ወቅት አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን መሠረቱ። ቡድኑ የሰፈር ልጆች ስብስብ ነበር። በወረራው ዘመን ፋሺስቶች ስሙን «ሊቶርዮ ውቤ ሰፈር» አሉት፤ ስሙን ቢለውጡትም ሰፈሩን አልለወጡትም። ከነፃነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአገሪቱ ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሰለፉት አምስት ቡድኖችም እያንዳንዳቸው የአንድ ወገን ነበሩ። አራራት የአርመኖች፣ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን ነበር፤ አምስተኛውና አሸናፊው የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድን ነው። አርመኑ ከግሪኮቹ ጋር ሊፈርም የሚችልበት ምክንያትም፣ ገንዘብም አልነበረም።

የዚያ ዘመን ልክ ይድነቃቸው ተሰማ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ከ1928 እስከ 1950 ዓ.ም. በ365 ጨዋታዎች 318 ግብ አስቆጥሯል፤ ሌላ ክለብ አያውቅም። በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ዛሬ የአንድ ክለብ ሰው ሲወደስ ስሙ የሚነሳው በዚህ ነው። ሙገሳው ይገባዋል። ነገር ግን በሌላ ክለብ የሚቀጥረው ደመወዝ ባልነበረበት ዘመን የኖረ ሰው ታማኝነቱ በምን እንደተፈተነ መጠየቅም ያስፈልጋል። እንጀራው ከሌላ ሥራ ነበር፤ ኳሱ የልቡ።

ኳስ እንጀራ መሆን የጀመረው ፋብሪካዎቹ ሲገቡበት ነው። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ፣ ሲሚንቶ፣ ቴሌ፣ መብራት ኃይል፣ ጦሩ በመቻል፣ ፖሊስ በኦሜድላ በኩል ቡድን አቋቋሙ። ጎበዝ ተጫዋች በፋብሪካው መዝገብ ላይ ሠራተኛ ሆኖ ይሰፍራል፤ ጠዋት መኪናው ሥር ወይም መጋዘኑ ውስጥ፣ ከሰዓት ሜዳው ላይ። ደመወዙ የሙያተኛ ደመወዝ ነው፤ የሚቀጠረው ግን በእግሩ ነው።

የዚህ ዘመን ትልቁ ተጓዥ ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1935 አሥመራ ውስጥ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ ወታደር አባት ተወለደ። በልጅነቱ መካኒክነት ተማረ። በአሥመራ ከሠፈር ቡድን ወደ ስቴላ አስማሪና፣ ከዚያ ወደ ግሩፖ ስፖርቲቮ አሥመራ አለፈ። ቀጥሎ ድሬዳዋ ወርዶ ለጥጥ ፋብሪካው ተጫወተ፤ ጥጥ በ1950ዎቹ አገሪቱን ደጋግሞ ያሸነፈ ቡድን ነበር። በመጨረሻም ወደ ሲሚንቶ ሄዶ ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆነ። በኋላ በጣሊያንኛ ላሳተመው የሕይወት ታሪኩ የሰጠው ርዕስ በአማርኛ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» እንደማለት ነው። ስለዚያ ዘመን ኳስ በተጻፈው ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሙያውን ነገር በቀጥታ የሚናገር ርዕስ ማግኘት ያስቸግራል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አምበሉ ሉቺያኖ ነበር፤ ወንድሙ ኢታሎም፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁም አብረውት ነበሩ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ይኸው ከክለብ ክለብ ሲዞር የኖረ መካኒክ ነው። ደርግ ከመጣ በኋላ በ1970 ዓ.ም. አገር ጥሎ ወጣ፤ ሮም አጠገብ ኦስቲያ ላይ ሕፃናት እያሠለጠነ፣ በመካኒክነቱም እየሠራ ኖሮ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ዐረፈ።

በደርግ ዘመን ኳሱ ይበልጥ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ጦር ክፍል ተጠጋ። ይህ ዘመን ለተዘዋዋሪው ምቹ አልነበረም፤ ለኑሮው ግን መጥፎ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ተጫዋቹ ቋሚ ሠራተኛ ነው። ጉልበቱ ቢከዳው ወደ ቢሮው ይመለሳል፣ ጡረታው ይታሰብለታል። በሌላ በኩል መሥሪያ ቤቱ መልቀቂያ ካልጻፈለት የትም አይሄድም። መልቀቂያ የምትባለው ያች አንድ ገጽ ወረቀት የብዙ ጥሩ ተጫዋቾችን ዕድል በመሳቢያ ቆልፋ አስቀምጣለች።

ይህ ነገር በአፍሪካ ቀንድ ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካ ቤዝቦል ክለቦች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ተጫዋቹን ኮንትራቱ ቢያልቅም ለራሳቸው የሚያስቀሩበት ደንብ ነበራቸው። ሊሸጡት፣ በሌላ ተጫዋች ሊለውጡት ይችላሉ፤ እሱ ግን በራሱ ፈቃድ መልቀቅ አይችልም። ደንቡን ያፈረሱት አንዲ መሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ የተባሉ ሁለት ወርዋሪዎች ናቸው። ወርዋሪ ማለት ኳሷን ዱላ ለያዘው ተጋጣሚ የሚወረውረው፣ ጨዋታው በእጁ የሚጀመርበት ሰው ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. የ1975ን ውድድር አዲስ ኮንትራት ሳይፈርሙ ገቡበት፤ በታኅሣሥም ገላጋይ ዳኛው ነፃ ናቸው ብሎ ፈረደ። ያለ ፊርማ መቆየት ራሱ መሣሪያ ሆነ። የአውሮፓ እግር ኳስ ተመሳሳዩን ነፃነት ያገኘው ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995ቱ የቦስማን ፍርድ ነው።

ነፃነቱ ሲመጣ ግን ዙረቱ አልቀረም። ኤድዊን ጃክሰን የተባለው ወርዋሪ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2019 በ14 የአሜሪካ ታላቁ ሊግ ክለቦች ተጫውቷል፤ ጨዋታ እስካቆመበት ጊዜ ድረስ በታሪክ ይህን ያህል ማሊያ የለበሰ ሌላ አልነበረም። ሥራውን የጀመረው በ20ኛ ዓመት የልደት ቀኑ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2010 በአሪዞና ማሊያ 149 ጊዜ ወርውሮ አንድም ተጋጣሚ በምት ቤዝ (የሯጩ ማረፊያ) ሳይደርስበት ጨዋታውን ጨረሰ። በዓመቱ ሐምሌ ላይ ደግሞ ያኔ ክለቡ የነበረው ቺካጎ ጠዋት ለቶሮንቶ ሰጠው፤ ቶሮንቶ በዚያው ዕለት ለሴንት ሉዊስ አሳለፈው። ከሴንት ሉዊስ ጋር በዚያው ዓመት የሊጉን ሻምፒዮንነት አገኘ። ለቶሮንቶ በእርግጥ የወረወረው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። 107 ጊዜ አሸንፎ 133 ጊዜ የተሸነፈ ሰው 17 ዓመት ሙሉ የሚፈልገው ክለብ አላጣም። ተፈላጊ ያልሆነ ሰው ከክለብ ክለብ አይዞርም፤ ቤቱ ይገባል እንጂ። የእኛ ተመልካች «አይረጋም» ሲል የሚረሳው ይህንን ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ ነገሩ የተለወጠው በ1990 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉ ሲጀመር ነው። ቀስ በቀስ የፋብሪካው ቡድን እየሳሳ የከተማው ቡድን እየበዛ ሄደ። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ አርባ ምንጭ፣ መቐለ፣ ወልድያ የከተማቸውን ስም ይዘው መጡ። ደጋፊው በዛ፣ የተጫዋቹም ዋጋ ናረ። አሁን ተጫዋቹ የማንም መካኒክ ወይም ጸሐፊ አይደለም። ሙያው ኳስ ብቻ ነው፤ ዋስትናውም ፊርማው ብቻ። የከተማው ክለብ ግን በአብዛኛው የሚተዳደረው ከከተማ አስተዳደሩ ካዝና ነው። በየዓመቱ የሚጸድቅ በጀት የዓመትና የሁለት ዓመት ኮንትራት ይወልዳል። ከንቲባው ሲቀየር የቡድኑ ቦርድ ይቀየራል፤ ቦርዱ ሲቀየር አሠልጣኙ ይነሣል፤ አዲሱ አሠልጣኝ የሚያውቃቸውን ልጆች ይዞ ይመጣል። ክለቡ ተጫዋቹን ሸጦ ስለማያተርፍ አሳድጎ የመያዝ ፍላጎቱም ቀጭን ነው። ክረምት ሲገባ የግማሽ ቡድን ስም ዝርዝር ይለወጣል።

የሰሜን ወሎው ምሳሌ ቅርብ ነው። ወልድያ ከነማ በ2007 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉን ተቀላቅሎ በዚያው ዓመት ወረደ። በ2009 ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ የተሠራው፣ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ተመረቀ፤ ብዙ የሊጉ ክለቦች የሚመኙት ዓይነት ሜዳ ወልድያ ላይ ቆመ። ክለቡ ግን በ2010 መጨረሻ ዳግም ወረደ። ስታዲየሙ ቀረ፣ ተጫዋቾቹ ተበተኑ። ክለብ ሲወርድ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ደመወዙ ይወርዳል፣ የሚችል ሁሉ ሌላ ፊርማ ፍለጋ ይነሣል። ከዚህ በላይ ታማኝነትን ከተጫዋቹ የሚጠብቅ ሰው ኪራይ የሚከፍልለት መሆን አለበት።

በዚያው በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከወልድያና ከመቐለ ጨዋታ ጋር በተያያዘ በወልድያ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከተማና ብሔር የክለብ ስም ሲሆኑ ዘዋሪው ተጫዋች ጠባብ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ አምና የለበሰው ማሊያ ዘንድሮ የ«ጠላት» ሊሆን ይችላል። በ2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ደግሞ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ከሊጉ ውጭ ሆኑ። የእነዚያ ክለቦች ተጫዋቾች ክለብ የቀየሩት የተሻለ ስለተከፈላቸው አልነበረም።

ወደ ውጭ የወጡት ደግሞ ሌላ መልክ አላቸው። ፍቅሩ ተፈራ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ደቡብ አፍሪካ ኦርላንዶ ፓይሬትስ ገባ፤ በሱፐርስፖርት ዩናይትድ ተጫወተ፤ የቼኩን ምላዳ ቦሌስላቭ አየ። ከዚያ ሕንድ ተገኘ። ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲከፈት በኮልካታው ሶልት ሌክ ስታዲየም የአትሌቲኮ ዴ ኮልካታን፣ የሊጉንም የመጀመሪያ ግብ ሙምባይ ላይ አስቆጥሮ በአየር ላይ ተገለበጠ። የአንድ አገር ሊግ ታሪክ በአንድ ዘዋሪ ኢትዮጵያዊ እግር ተጀመረ ማለት ነው። በዓመቱ የቼናይን ማሊያ ለብሶ ነበር።

ሳላዲን ሰይድ ወደ ግብፁ ዋዲ ደግላ ከሄደ በኋላ የቤልጅየሙ ሊርስ የሄደበት መንገድ አጭር ነበር፤ የሁለቱም ክለብ ባለቤት ያኔ አንድ ግብፃዊ ባለሀብት ነበርና። ቀጥሎ አል አህሊ፣ ቀጥሎ የአልጄሪያው ኤምሲ አልጀር፣ በመጨረሻም ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ሽመልስ በቀለ በግብፅ ፔትሮጄትና ምስር ለል ማቃሳ ዓመታት ቆየ። ጌታነህ ከበደ ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄዶ ተመለሰና በአገር ቤት ከክለብ ወደ ክለብ ግብ ማስቆጠሩን ቀጠለ። ጋቶች ፓኖም በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዢ ማካችካላ ሲሄድ ጋዜጣው ሁሉ አብሮት ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ መቐለ ላይ ታየ። እነዚህን ሰዎች አንድ የሚያደርጋቸው ዋሊያው፣ ብሔራዊ ቡድኑ ነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስትለያይ፣ ከሉቺያኖ ዋንጫ ልክ 51 ዓመት ሞልቶ ነበር። የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን የጀርባ አጥንትም ጥቂቶቹ ውጭ ያሉ፣ ብዙዎቹ ሊወጡ የተዘጋጁ ተጫዋቾች ነበሩ።

ገንዘቡ ሲያድግ ልጓሙም መጣ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ሐሳቡ የከተሞችን ካዝና ማዳን ነበር፤ ነገር ግን ጣሪያው በወረቀት ላይ ሲቀመጥ ክፍያው በጎን መንገድ አገኘ የሚል ሐሜት ወዲያው ተከተለ። እንዲህ ያለ ጣሪያ የሚጎዳው ከሁሉ በፊት መካከለኛውን ተጫዋች ነው። ኮከቡ በጎን የሚሰጠው አያጣም። ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጠው የ29 ዓመቱ ተከላካይ ግን የቀረችውን ሦስትና አራት ዓመት በተጻፈላት ዋጋ ብቻ ይሸጣታል፤ ደመወዙ ለወራት ሲዘገይበትም አቤቱታ ይዞ የፌዴሬሽኑን በር የሚያንኳኳው እሱው ነው።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሊጉ ራሱ ዘዋሪ ሆነ። ለአምስት ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ ውል ሱፐርስፖርት ጨዋታዎቹን በዲኤስቲቪ ማስተላለፍ ሲጀምር፣ ክለቦቹ በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀረና ሁሉም አንድ ከተማ ተሰብስበው የተወሰኑ ሳምንታት ተጫውተው ወደ ቀጣዩ ከተማ መሄድ ያዙ። የመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ነበር። ካሜራውና ኮቪድ ያመጡት መላ ነው። አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ ክብረ ወሰን የሰበረው በዚያ ዓመት ነው፤ ቀጥሎ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ለሌላው ተጫዋች ግን ሕይወቱ የሆቴል ሕይወት ሆነ። የሚጫወትለትን ከተማ ነዋሪ ሳያውቅ ዓመቱን የሚጨርስ አለ፤ «ባለሜዳ» የሚለው ቃልም በሰሌዳ ላይ ብቻ ቀረ።

ከላሊበላ የሚነሣ ልጅ ይህን ሙያ ቢመኝ መንገዱ ቁልቁል ነው። ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ በሰፈር ቡድንና በትምህርት ቤት ውድድር ይጀምራል፤ ከዚያ በጋሸና ወይም በኩልመስክ በኩል ወልድያ ይወርዳል፣ ካልሆነም ደሴና ኮምቦልቻ ይዘልቃል። ለሙከራ የሚሄድበትን የመኪና ገንዘብ የሚያወጣው ቤተሰቡ ነው፤ የሚያርፍበትን ቤትም የሚፈልጉለት እነሱው ናቸው። ሙከራው ከተሳካ በታችኛው ሊግ ትንሽ ደመወዝ ያለባት ወረቀት ትቀርብለታለች። የዚያች ኮንትራት ጊዜ እንደ ብዙዎቹ ሰኔ 30 ላይ ያበቃል፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚዘጋበትም ያው ቀን ነው።